አገር የሚያውቅ ባቄላ

እትዬ ውዴን ጾሙ አልተቀበላትም ሲባል የሰማሁት ወደ ኬላው በወጣን ሰሞን ነው። ኬላው ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የአስታው ጫካ አልቆ ገላጣው ሜዳ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጭጋጉ ከረፈደም በኋላ ከደጃችን አይነሣም።

ጾም እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚቀበል አልጠየቅሁም። ጾም የሚባል ሽማግሌ ያለ መሰለኝ፤ ቀጭን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ፣ ከማድቤቱ ጥግ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ የሚቀመጥ፣ የሌላውን ሴት ሁሉ ድስት እሺ ብሎ የእትዬን ብቻ እምቢ ያለ። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ክምሩ ፊት ቆሜ፣ «አባባ ጾም፣ እባክዎ ይቀበሏት፤ ጥሩ ሰው ናት» ብዬ ለምኛለሁ። መልስ ስላልሰጡኝ ትንሽ ተቀየምኳቸው።

ነገሩ የባቄላ ነገር ነበር። እትዬ የምትቀቅለው ባቄላ አይበስልም። ከማለዳ ጀምሮ ሲንፈቀፈቅ ይውላል፣ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፣ ውሃው አልቆ ይጨመራል፣ ማታ ሲቀርብ ግን ጥርስ የሚሰብር ነው። አተሩም፣ ሽንብራውም እንደዚያው። ሽሮው ግን ሁልጊዜ ደኅና ነበር፤ ይህን ማንም ልብ አላለውም። እኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁበት ዓመት ስለነበረ፣ ንፍሮውን ጉንጬ ውስጥ አገላብጬ አገላብጬ ደብቄ ለውሻው እሰጠዋለሁ። ውሻውም አሽትቶ ይተወዋል።

አባቴ ደምመላሽ የኬላው አለቃ ነበር። ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ባሌ ሲገባ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ እንደ ነበረ ይናገራል። በመጀመሪያ የሰፈረው ጊኒር ነው። እናቴ እዚያው እኔን ወልዳ በተስቦ ሞተችበት። እትዬ ውዴን ያገባት ገና ጡት ሳልጥል ነው፤ ስለዚህ እናት ሲባል የማውቀው የእሷን ጠረን ነው። አባቷ እንደ አባቴ ከሰሜን የመጣ ሰው ሲሆን፣ የእናቷ እናት ግን የጊኒር እስላም ነበረች። ጊኒር ሳለን ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም። ባቄላው አልበስል ሲል ተነሣ።

ወታደሮቹ ከአባቴ ማዕድ ይበሉ ነበርና በመጀመሪያ ይቀልዱ ነበር። «ይቺን ንፍሮ ጠመንጃ ውስጥ ከተን ብንተኩሳት ዝሆን ትጥላለች» ይላል አንዱ። «ዝሆኑስ ይውደቅ፣ ለጥርሴ ማን ይከሰስልኝ?» ይላል ሌላው። ኋላ ግን ቀልዱ ቀርቶ ሹክሹክታ ሆነ። ሥጋና ወተት ባለበት ጊዜ ሙያ አላት፤ የማይሆንላት የጾም እህል ብቻ ነው፤ እንግዲህ ጾሙ ቢያውቃት ነው አሉ። አባቴና እትዬ በሰማንያ ነበር የተጋቡት፤ ከፋሲካ በኋላ ሊቆርቡ አስበው ነበር። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መድኅን ወሬው ሲደርሳቸው፣ «እስቲ ይቆየን፤ በቅዱስ ቁርባን ቀልድ የለም» አሉት አባቴን።

ይህ ሁሉ ሳያንስ አያቴ ወለተኢየሱስ ከምንጃር መጣች።

በበቅሎ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ በመንገድ ዝሎ፣ ምላሷ ግን ምንም ሳይደክመው መጣች። ከልጇ ከተለየች ብዙ ዘመኗ ነው። አባቴን አቅፋ አልቅሳ እንደ ጨረሰች ራት ቀረበላት። አንድ ባቄላ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተችና አገላበጠችው። ከዚያ በጣቶቿ አውጥታ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው።

«ስንት ቀን ተቀቀለ?»

«ከማለዳ ጀምሮ ነው፣ እማማ» አለች እትዬ፣ ወለሉን እያየች። «ጊኒር ሳለን እንዲህ አልነበረም። እዚያ ከቁርስ እስከ ምሳ ይበስልልኝ ነበር።»

«እዚህ ሲመጣ ጠነከረ?»

«እንጃ እማማ፤ እንደዚያ ነው የሆነብኝ።»

«ባቄላው አገር ያውቃል እንዴ?» አለች አያቴ። ወታደሮቹ ሳቁ። እትዬ ከዚያ በኋላ ስለ ጊኒሩ ባቄላ ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ የእትዬ ጠላት እንደሆነች ወሰንኩ። ለዚህም ማስረጃ ነበረኝ። ማድቤት ገብታ ትቆማለች፤ ምንም አይጥማትም። አንድ ቀን፣ «ይህ ባቄላ የከረመ ነው» ብላ ከጎባ ገበያ የሲናና አዲስ ባቄላ አስመጣች። አልበሰለም። ሌላ ቀን፣ «ውሃው ነው» ብላ ከታችኛው ምንጭ መቅዳት ቀርቶ ከላይኛው እንዲቀዳ አደረገች። አልበሰለም። አስታው እሳት የለውም ብላ ጥድ አስነደደች። ድስቱን አስለወጠች። በየጊዜው እትዬን ከጎኗ ታቆማትና፣ «ዛሬ ሌላ ምንም እንዳትነኪ፤ እንደ ትናንቱ አድርጊ» ትላታለች። እኔ የማየው አንዲት ክፉ ሴትዮ ደግ ሴት ስታመላልስ ነው።

ኋላ እስክንድርያ ኮሌጅ ገብቼ የፊዚክስ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ የቀረውን ሁሉ እንደ ነበረ ተዉት ሲለን፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የታየኝ የአያቴ ጀርባ ነው። እሷ ጥፋቱን ከባቄላው፣ ከውሃው፣ ከእንጨቱ፣ ከሸክላው ላይ ስትፈልግ የከረመችው ከእትዬ ላይ እንዳይገኝ ነበር።

እንጨቱን የሚያመጣልን የጎረቤታችን የአዴ ረሂማ ባል ነበር። ጎንበስ ብሎ ተሸክሞ መጥቶ፣ ከደጅ ጥሎ፣ «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ደግ ጎረቤት ስለሆነ በስጦታ የሚያመጣልን ይመስለኝ ነበር። ገባር መሆኑን፣ እንጨቱም ግዴታው መሆኑን፣ ጥድ ይሁን በተባለ ጊዜ ለዚያ ሲል ግማሽ ቀን መንገድ ወርዶ እንደሚመለስ ያወቅሁት ካደግሁ ወዲያ ነው። አዴ ረሂማ ግን በራሷ ፈቃድ ትመጣ ነበር፤ ከእትዬ ጋር ይዋደዱ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ቀን ጉልባን መቅረት የለበትም፤ ባቄላና ስንዴ ሳይፈጭ እንዳለ ተቀቅሎ ይበላል። አባ ገብረ መድኅን የእግር ማጠቡ ሥርዓት ሲያልቅ ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ ተባለ። ገና ሲነጋጋ አያቴ እጅጌዋን ሰብስባ ማድቤት ገባች።

«ውዴ፣ ዛሬ የምቀቅለው እኔ ነኝ። አንቺ ውጪ።»

«እማማ፣ እሳቱን እንኳ ላንድድልዎ...»

«ምንም አትነኪም። ዛሬ ከዚህ ማድቤት እጅሽ እንዳይታይ።»

እትዬ ወጥታ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጠች። ተከትያት ሄድኩ። አዴ ረሂማ ገብስ ቆሎ በጉያዋ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ማሊፍ ቦሳ?» ትላታለች። «ለባቄላ ነው እንዴ የምታለቅሺው? ቁይውና ተይው! እኛ ገብሳችንን እንቆላለን፣ ገንፎ እናገነፋለን፣ አለቀ። እናንተ ናችሁ ከድንጋይ ጋር የምትጣሉት።»

«ለባቄላ አይደለም» አለች እትዬ። «ለዚህ ነው።» ፊቷን ሳታዞር እጄን ያዘች። «እኔን ቢሸኙኝ አባቴ ቤት እገባለሁ። እሱን ግን አይሰጡኝም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባቄላው የሚወስነው እኔን ነበር።

እጇን አስለቅቄ ወደ ማድቤት ሮጥኩ። አያቴ አፈ ጠባቡን ማሰሮ፣ በደኅና ጊዜ አረቄ የሚወጣበትን፣ አጥባ ባቄላና ስንዴውን ከታበት በጉልቻው ላይ አስቀምጣው ነበር። እፊያውን ከደነችና ዙሪያውን በሊጥ መረገችው፤ አረቄ እንደሚመረገው አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ እየተጫነች። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እናቴ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ከፍቶ ውሃ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ እጁን አስገባ የሚል ሰው እንዳይኖር ነው። እኔ ዘጋሁት፣ አባ ሲመጡ እኔ እከፍተዋለሁ።» ማሰሮው መፍላት ሲጀምር እፊያው ሊጡን እየገፋ ተነሣባት። ዞር ብላ ከወፍጮው ላይ መጁን አነሣችና በሁለት እጇ ተሸክማ እፊያው ላይ ጫነችው። «አርፈህ ተቀመጥ» አለችው ማሰሮውን።

የሰሞነ ሕማማት ስብከት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። መቃብሩን በድንጋይ ገጥመው አተሙት ሲባል ሰምቻለሁ። አያቴም የእትዬን ዕድል ማሰሮ ውስጥ ቀብራ፣ አትማ፣ ድንጋይ እንደጫነችበት አልተጠራጠርኩም። የእሷ ጉልባን ከበሰለ እትዬ አለቀላት። ከማሰሮው ትይዩ ተቀመጥኩና፣ አያቴ እንዳትሰማኝ አፌን በጉልበቴ ሸፍኜ ባቄላዎቹን ለመንኳቸው። «ጠንክሩ። አደራ፣ ድንጋይ ሁኑ።»

ማሰሮው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ድመት ከውስጥ ማጉረምረም ጀመረ። ሊጡ በአንድ በኩል አረፋ አወጣና ሽሽሽ አለ፤ መጁ ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ልገፈትረው እጄን ስዘረጋ አያቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተክሌ! ፊትህን ሊልጥህ ነው!» ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እንዲበስልላት የምትጸልይ መሰለኝ፤ እኔም የራሴን ልመና በተቃራኒው አጠናከርኩት።

ዛሬ ሳስበው ጭኗ ላይ ተቀምጬ አንድ ጸሎት ነበር የምንጸልየው። እንደ ልማዷ ከእንጨቱና ከውሃው በኋላ የቀረውን አንድ ነገር፣ እጁን፣ መለወጧ ነበር። በጾም በጸሎት ባረጀው በእሷም እጅ ባቄላው ድንጋይ ሆኖ ከወጣ፣ በእትዬ ላይ የሚፈርድ ሰው አይኖርም። ያን ቀን በዚያ ቤት ባቄላው እንዲጠነክር የማይፈልግ አንድም ሰው አልነበረም።

አባ ገብረ መድኅን ሲመጡ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። አያቴ ማሰሮውን ከእሳት አውርዳ ትንሽ አቆየችው፤ መጁን አነሣች፣ ሊጡን በቢላ ፈለቀቀች። እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ አባ አንድ ባቄላ በሁለት ጣት አነሡ። ጣታቸው ላይ ተፈረከሰ።

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ፣ እመት ወለተኢየሱስ! ይኸው እንግዲህ፤ አንድ ቤት፣ አንድ እሳት። እጅ እንደሚለይ እግዚአብሔር ገለጸልን።»

አባቴ አልበላም። እትዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «እንግዲህ ወደ ጊኒር የሚሸኘኝ ሰው ይታዘዝልኝ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። እኔ ጮኼ አለቀስኩ። የአያቴ ፊት ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ኩራት መሰለኝ። አንድ ባቄላ አንሥታ ቀስ አድርጋ አኘከችው፤ ሌላም ደገመች። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን መጅ ብዙ አየችው።

«ቁጭ በይ» አለች።

«እማማ...»

«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ! ተሳሳትኩ። ሁለት ነገር ነው የለወጥኩት። እጁንም ለወጥኩ፣ ክዳኑንም ለወጥኩ። የትኛው እንዳበሰለው በምን አውቃለሁ?»

«እመት ወለተኢየሱስ» አሉ አባ፣ «እግዚአብሔር የገለጸውን...»

«አባ፣ እግዚአብሔር ሁለተኛ ቢጠየቅ አይቆጣም። ከፋሲካ በኋላ ደግመን እናየዋለን።»

«በፋሲካ ንፍሮ?» አለ አባቴ። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የሚለውንማ ሰምተን ጨረስን።»

በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ማድቤቱ ውስጥ ሁለት ጉልቻ ጎን ለጎን ቆመ። ባቄላው ከአንድ ጆንያ፣ ውሃው ከአንድ እንስራ ነበር፤ ማሰሮዎቹም እኩያ ነበሩ። የእትዬን ማሰሮ አያቴ እትዬን ራሷን በሊጥ አስመረገቻትና መጁን አስጫነቻት። በራሷ ማሰሮ ላይ እፊያውን እንዲያው አሳረፈችው። ከዚያ በሁለቱ መካከል ዱካዋን አድርጋ ተቀመጠች። አባ አባቴ አጠገብ ነበሩ። ወታደሮቹ በር ላይ ተጠጋግተዋል፤ አዴ ረሂማ ሳይቀር በመስኮቱ ታያለች። እኔ ዓይኔን ከእትዬ ማሰሮ ሳልነቅል ያለፈውን ልመናዬን ሰረዝኩ። «ያ ቀርቷል፤ አሁን ለስልሱ።»

መጀመሪያ የእትዬ ተከፈተ። አባ አነሡና ጣታቸው ላይ ተፈረከሰ። አንዱ ወታደር ከአያቴ ማሰሮ ዘግኖ ነከሰ፤ ቋ ሲል ሁላችንም ሰማነው። «ኸረ ጥርሴን!» ብሎ አገጩን ይዞ ወጣ።

አያቴ ወደ አባ ዞረች። «እንግዲህ አባ፣ እኔንም ጾሙ አልተቀበለኝም ማለት ነው?»

አባ ገብረ መድኅን አንዱን ማሰሮ አዩ፣ ሌላውን አዩ። ጢማቸውን ያዙ። «አሁንማ ጾም አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «በዓለ ሃምሳ ነው።» መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ አባም መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እሑድ ለቁርባኑ በጊዜ ኑ፤ ሁለታችሁም» አሉት። እትዬ ግን አልሳቀችም። አያቴ እግር ላይ ወድቃ ቀረች፤ አያቴም፣ «ተነሺ፣ ፍሙ ቀሚስሽን ሊይዘው ነው» እያለች ትቆጣት ነበር።

እስክንድርያ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለቁርስ ባቄላ ሰጡን። ምላሴ ላይ ቀለጠ። ከተማው ከባሕሩ ጋር እኩል ነው፤ አየሩ ሁሉ በላዩ ተጭኖታል። ውሃ የሚፈላው በላዩ የተጫነውን አየር ገፍቶ እንፋሎት መሆን ሲችል ነው። ተራራ በወጣን ቁጥር ያ ሸክም ይቀልለታል፤ ስለዚህ ገና ትኩሳቱ ሳይበረታ ይፈላል። ከፈላ በኋላ የፈለጉትን ያህል እንጨት ቢጨምሩበት ይንፈቀፈቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ባቄላውም በዚያ ትኩሳት ቀኑን ሙሉ ቢዋኝ ልቡ አይርስም። ዱቄት እሺ ይላል፣ ቆሎ ብረት ምጣዱን እንጂ ውሃውን አይጠይቅም። መምህራችን አየሩ የተመጠጠበት ብርጭቆ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ያለ እሳት ሲያፈላ ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔ ግን የተመጠጠውን አየር የሚተካ አንድ መጅ ነበር የታየኝ። በጠባብ አፍ ላይ የተጫነ ድንጋይ ተራራው የወሰደውን ሸክም ይመልሳል። አያቴ ባቄላዋን ቁልቁል ወደ ጊኒር አወረደችው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው፣ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ ሙከራ ነው እላቸዋለሁ። ዘንድሮ ወደ አገሬ ስመለስም ቴርሞሜትር ይዤ ወደ ጎባ መጣሁ። አያቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ዓይኑ ደክሟል። እትዬ ጠጉሯ ሽበት ቢጀምረውም ጉልበቷ ያው ነው። ማድቤቷ ገብቼ ውሃ አፈላሁ፣ ቴርሞሜትሩን ነከርኩ፣ መስመሩ ከመቶ በታች የት ላይ እንደቆመ አሳየኋት፤ ከጎባ በላይ ኬላው ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ እንደሚል ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«አየሽ እትዬ፣ አያቴ መምህር ሳያስተምራት ነው የሠራችው። አንድ ባቄላ፣ አንድ ውሃ፣ እኩል ማሰሮ፣ እኩል እሳት። የለወጠችው ክዳኑን ብቻ።»

«እኩል እሳት?» አለች እትዬ።

«እኩል እሳት እንጂ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «አንተ የእኔን ማሰሮ ስታይ ነበር የዋልከው። እኔ የእሷን አይ ነበር። ሰው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ከራሷ ጉልቻ ግንዱን ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ፍሙን በእግሯ እየገፋች ከእኔ ማሰሮ ሥር ታገባልኛለች። ነጠላዋ ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። የእሷ ማሰሮ ከሰዓት በኋላ ጭራሹን መፍላቱን ትቶ ነበር።»

«ምን አስጨነቃት?» አልኩ። «እሳቱን ባትነካውም እኮ አይበስልም ነበር! አሁን አሳየሁሽ አይደለም? ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም!»

እትዬ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ።

«እሷ ይህን ታውቅ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ።